ሁለት ትልም በበረዶ ላይ

በጨርጨር ደጋ በረዶ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው አንድ ነገር ነው። ከቀትር በኋላ ደመናው ይጠቁራል፣ ነፋስ ይነሣል፣ ከዚያ አንድ ሰው ጣራ ላይ ጠጠር በስፌት የደፋ ይመስል ቆርቆሮው ይንጫጫል። ሴቲቱ ያሰጣችውን ማሽላ ልታነሣ ትሮጣለች። ገበሬው ግን የትም አይሮጥም። በሩ ላይ ቆሞ ጫቱን ያያል። ለገበያ ሊቆረጥ ሁለት ቀን የቀረው ቀንበጥ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተበሳስቶ፣ ተሸነታትሮ መሬት ላይ ይተኛል። እዚህ ጭሮ «ዘንድሮ በረዶ መታን» ያለ ሰው ብድሩን ለምን እንዳልከፈለ ተናግሮ ጨረሰ ማለት ነው። ሌላ ምክንያት ጨምር የሚለው የለም።

እንግዲህ ቀረብ ቀረብ በሉ። ሆጃው እስኪፈላ አንድ ሰው ላጫውታችሁ። እኛ በምንሸሸው በረዶ ላይ፣ እግሩ ሥር ስኪ የሚሉትን ሁለት ቀጫጭን መንሸራተቻ አስሮ፣ የኢትዮጵያን ባንዲራ ተሸክሞ ስለሄደ ሰው። ስሙ ሮቤል ተክለማርያም ይባላል።

የምትጠይቁኝን አውቀዋለሁ። አንደኛ ወጣ ወይ? አልወጣም። ሦስተኛስ? አልወጣም። በክረምት ኦሊምፒክ 83ኛ ነው የወጣው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ሄዶ 93ኛ ወጣ። «አይ አቦ! ይሄም ታሪክ ሆኖ ይወራል?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። እኔ ይህን ሰው ከብዙ ባለ ወርቆቻችን አጠገብ አስቀምጬ ነው የማወራው፤ ለምን እንደሆነ ነገሩ ራሱ ይናገራል።

መጀመሪያ ግን ስለ ቃሉ። አማርኛችን በዚህ ነገር ቸር አይደለም። ከሰማይ የሚወርደውም ጠጠር በረዶ ነው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም ውሃ በረዶ ነው፣ በሰሜን አገር እንደ ባዘቶ ጥጥ ቀስ እያለ የሚወርደውም በረዶ ነው። ለዚህ ለመጨረሻው ሊቃውንቱ በግእዝ «ሐመዳ» የሚል ቃል አላቸው፤ አመዳይ የምንለውም ከዚያው ነው። መጽሐፈ ሄኖክ የበረዶና የአመዳይ መዝገብ በሰማይ እንዳለ ይተርካል። አባቶቻችን ያልነኩትን ነገር ስሙን አስቀምጠውልናል። በእግሩ የረገጠው ግን ጥቂት ነው።

ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ የዚህችው ከተማ ሰው ናቸው። የሩቅ ነገር ላወራ የተነሣሁ መስሏችሁ ከሆነ ልክ አይደለም፤ የጭሮ መሠረት ራሱ በበረዶ ላይ ያደገ ልጅ የጣለው ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ማለቴ ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. ተወልደው፣ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻገሩ። በፔተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። የሩሲያ ክረምት ምን እንደሚመስል አስቡት፤ ወንዙ ረግቶ መንገድ የሚሆንበት አገር ነው። እዚያ ጎልምሰው፣ ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻቸው ይዘው፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ተመልሰው የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ»ን ጻፉ። የ1931ዱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። በራስ ተፈሪ ዘመን ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ ተሾመው፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪን፣ ለሌላው ምሳሌ እንድትሆን አድርገው አቋቋሟት። በ1935 በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ቆሙ። ጣሊያን ሲገባ እንደገና ተሰደዱ፤ ብዙ ዓመት በውጭ ቆይተው ሲመለሱም ሂርና ነው ያረሱት። በ1977 አረፉ።

የሁለቱ ሰዎች፣ የሮቤልና የፊታውራሪው፣ ስም «ተክለ ማርያም» ላይ ይገናኛል። ዝምድና አላወራሁም፤ የስም መገጣጠም ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሁለቱም ልጅ ሆነው ወጡ፣ ሁለቱም በረዶ አገር አደጉ፣ ሁለቱም እዚያ የተማሩትን ነገር ለዚህች አገር ይዘው መጡ።

ይህን ለጭሮ ሰው ሳወራ ቃሌን መጠንቀቅ አለብኝ። እዚህ ስደት የማያውቅ ቤት የለምና። ከበዴሳ፣ ከገለምሶ፣ ከሂርና፣ ከሚኤሶ ልጆች ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ይደርሳሉ፣ ባሕር ይሻገራሉ፣ በየመን አድርገው ሳዑዲ ለመግባት ይሞክራሉ። ታህሪብ እንለዋለን። የሚደርሰው ይደርሳል፣ የሚቀረው ይቀራል። እናቶች ስልክ ጠብቀው ነው የሚያድሩት። ስለዚህ «ስደት ሄዶ ስኪ ተማረ» ስላችሁ ቀላል ነገር ያወራሁ እንዳይመስላችሁ እፈራለሁ። ሮቤል በጀልባ አልሄደም፤ ዕድሉ ከእነዚያ ልጆች የተሻለ ነበር። ነገር ግን በዘጠኝ ዓመቱ ከአዲስ አበባ ተነቅሎ ሰው በማያውቅበት አገር መቆም ለሕፃን ልጅ ቀላል ነው የሚል ካለ፣ ልጅ ሆኖ ከሠፈሩ ያልወጣ ሰው ነው።

የተወለደው በአብዮቱ ዓመት በ1974 ነው፣ አዲስ አበባ። አሜሪካ ከገባ በኋላ ዕጣው በኒውዮርክ ግዛት ሰሜን፣ በተራሮች መካከል ካለች ሌክ ፕላሲድ ከምትባል ከተማ ጋር ተገናኘ። ሕዝቧ ከሂርና የሚያንስ ትንሽ ከተማ ናት። ነገር ግን በ1932 እና በ1980 የክረምት ኦሊምፒክን ሁለት ጊዜ አስተናግዳለች። እዚያ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚጫወቱት በረዶ ላይ ነው፣ እኛ ሜዳ ላይ በጨርቅ ኳስ እንደምንጫወተው። ሮቤልም ከእነሱ ጋር ተማረ።

የተማረው ከተራራ ቁልቁል የሚበሩበትን አይደለም። አገር አቋራጭ ነው። ይህን በደንብ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የበረዶ ስፖርት ለእኛ የሚቀርበው እሱ ነው። ሜዳውን፣ ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን ሁሉ በራስ ጉልበት ነው የሚያልፉት። መንሸራተቻው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጫማው ከፊት ብቻ ይያዛል፣ ተረከዙ ይነሣል። በሁለቱም እጅ ዘንግ አለ። ክላሲክ በሚባለው አካሄድ በረዶው ላይ አስቀድመው ሁለት ትልም ያወጣሉ፤ በሬ የጠመደ ገበሬ እርፍ ይዞ እንደሄደበት ያለ ቀጥ ያለ ትልም። አንዱ እግር በአንዱ ትልም፣ ሌላው በሌላው። ከመንሸራተቻው ሥር መሐሉ ላይ ሰም ይቀባል። ሰሙ ሲረግጡት በረዶውን ይይዛል፣ ሲለቁት ያንሸራትታል። የአየሩን ሙቀትና የበረዶውን ዓይነት ያላወቀ ሰው ሰሙን ያበላሸዋል። ያን ጊዜ ዳገት ላይ እግሩ ወደ ኋላ እየከዳው ሲለፋ ይውላል።

እግር ይሠራል፣ ክንድ ይሠራል፣ ሆድና ጀርባ ይሠራል፣ ከሁሉም በላይ ሳንባ ይሠራል። ልብና ሳንባን የዚህን ያህል የሚያስጨንቅ ስፖርት ጥቂት ነው። ስለዚህ የደጋ ልጅ ለዚህ ባዳ አይደለም ብል አላጋነንኩም። ባዳ የሆነብን አካሄዱ ነው፣ እሱ ደግሞ በልጅነት ካልተያዘ በኋላ አይገኝም።

ሮቤል በልጅነት ይዞታል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኒው ሃምፕሻየር ገብቶ ለዩኒቨርሲቲው የስኪ ቡድን ተወዳደረ። ከዚያ በኋላ ስኪ ማስተማር ሥራው ሆነ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ኑሮ ነበር። እንጀራ አለው፣ ሙያ አለው፣ የሚወደውን ነገር በየቀኑ ይሠራል። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? እሱ ግን ፈለገ። ለኢትዮጵያ መወዳደር ፈለገ።

አሁን ችግሩን ስሙ። ሯጭ ብትሆኑ ፌዴሬሽኑ አለ፣ አሠልጣኙ አለ፣ ከበቆጂ እስከ አዲስ አበባ የተጠረገ መንገድ አለ። ስኪ ግን በኢትዮጵያ ምንም አልነበረውም። ኦሊምፒክ ደግሞ ማንም ብቻውን ተነሥቶ «መጣሁ» የሚልበት ቦታ አይደለም። ብሔራዊ ፌዴሬሽን ያስፈልጋል፤ ያ ፌዴሬሽን በዓለም አቀፉ የስኪ ማኅበር መታወቅ አለበት፤ የአገሩ ኦሊምፒክ ኮሚቴ መቀበል አለበት፤ ከዚያ በኋላ ተወዳዳሪው በታወቁ ውድድሮች ነጥብ ማምጣት አለበት። ስለዚህ ይህ ሰው መወዳደሪያውን ራሱ መሥራት ነበረበት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የስኪ ፌዴሬሽን እንዲቋቋም ያደረገው እሱ ነው። በረዶ በሌለበት አገር የበረዶ ፌዴሬሽን አቋቁም ብትባሉ፣ ቢሮ ገብታችሁ «ስለ ስኪ ጉዳይ ነው የመጣሁት» ብትሉ፣ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያዩአችሁ እናንተው ገምቱ። አንድ ማኅበር ለማስመዝገብ በየቢሮው የተመላለሰ ሰው ይህን ልፋት ያውቀዋል። እኔ ከ15 ኪሎ ሜትሩ ይልቅ ይህ ይከብደኛል።

ልምምዱስ? አዲስ አበባ ተመልሶ አስፋልት ላይ ተለማመደ። ጎማ ያለው መንሸራተቻ አለ፤ ሮለር ስኪ ይሉታል። አጠር ያለ ነው፣ ከፊትና ከኋላ ትንንሽ ጎማ አለው። በዚያ ላይ ቆሞ፣ ሁለት ዘንግ ይዞ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ በአስፋልቱ ላይ ይገፋ ነበር። ባለ ታክሲው አንገቱን አውጥቶ ሲያይ፣ የሠፈር ልጆች ከኋላው ሲሮጡ ይታየኛል። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የሚወጣውን ዳገት የምታውቁ አስቡት፤ በጎማ ላይ ቆሞ በክንድ ጉልበት እንዲህ ያለውን ሽቅብ መግፋት ነው።

ከዚያ የካቲት 10 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. መጣ። ልብ በሉ፣ ፌብሩዋሪ ማለቴ ነው፤ ወሩን በእኛ ስም ጠራሁት እንጂ ቀኑ የፈረንጅ ነው። ቦታው ጣሊያን፣ ቶሪኖ። የ20ኛው የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ። አገሮች በየተራ ሲጠሩ ኢትዮጵያ ተጠራች፤ አንድ ሰው ባንዲራውን ይዞ ገባ። ቡድን የለም። ተወዳዳሪውም እሱ፣ ባንዲራ ያዡም እሱ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በበጋው ኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። ልክ በ50 ዓመቱ በክረምቱም ገባች።

አገሩ ደግሞ ጣሊያን መሆኑ! በ1936 በግንቦት መባቻ ንጉሡን ወደ ስደት የያዘው ባቡር በዚሁ በእኛ በሚኤሶ በኩል አልፎ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፣ ለስደት የዳረጋቸው የጣሊያን ጦር ነበር። በ1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ አሸነፈ። ከባቡሩ 70 ዓመት በኋላ ደግሞ ሮቤል በዚያው አገር በረዶ ላይ ቆመ። አበበ ወርቅ ነው ያመጣው፣ ሮቤል አላመጣም። ሁለቱም ግን ማንም ከእነሱ ባልጠበቀው ቦታ ነው የቆሙት።

ውድድሩ ከሳምንት በኋላ በወሩ 17ኛ ቀን ነበር፣ ፕራጄላቶ በምትባል የአልፕስ መንደር፣ ከፍታዋ ከጭሮ የሚያንስ። 15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ። አነሣሡ እንደ ሩጫ በአንድ ላይ አይደለም፤ አንድ በአንድ በየ30 ሰከንዱ ነው የሚለቀቁት። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ከሰዓቱ ጋር ነው የሚታገለው። አንደኛ የወጣው ኢስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ ነው፣ በ38 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ። ከዚያ በፊት በሶልት ሌክ ሲቲም ይህንኑ ርቀት ያሸነፈ ሰው ነው። ሮቤል በ83ኛነት ገባ። ከእሱ በኋላ ከገቡት መካከል ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ይገኛል።

ፊሊፕ ቦይትን ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1998 ጃፓን፣ ናጋኖ ላይ ይህ ኬንያዊ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረ፣ በ10 ኪሎ ሜትር። የመጨረሻ ሆነ። ያሸነፈው የኖርዌዩ ቢዮርን ዴሊ ግን ሜዳሊያውን ሊቀበል ከመሄድ ይልቅ በመጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሲደርስም አቀፈው። ቦይት በኋላ ለልጁ ዴሊ የሚል ስም ሰጠው። በዓለም ላይ ከዚያ ኖርዌያዊ የበለጠ ስኪ የሚያውቅ አልነበረም፤ ኋላ የቀረው ሰው ምን እንዳለፈ የገባውም ስለሚያውቅ ነው። «83ኛ ምን ዋጋ አለው» የምንለው በረዶውን ያልረገጥን ነን።

በ2010 ቫንኩቨር ላይ ሮቤል እንደገና መጣ፤ እንደገና ብቻውን፣ እንደገና ባንዲራ ያዥ። 35 ዓመቱ ነበር። ዊስለር ላይ 15 ኪሎ ሜትሩን በነጻ አካሄድ ሄደ፤ በትልም ሳይሆን እግርን ወደ ጎን እየገፉ የሚሄዱበት ነው። ያሸነፈው የስዊሱ ዳሪዮ ኮሎኛ ነው። ሮቤል 93ኛ ሆነ።

እዚህ ላይ የእኔን ፍርድ ልናገር። ከዚህ አገር ተወልደው ለሌላ ባንዲራ የሮጡ ብዙ አሉ። ኤልቫን አቤይለገሠ ለቱርክ፣ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ለባሕሬን፣ አበባ አረጋዊ ለስዊድን፣ ሲፋን ሐሰን ለኔዘርላንድስ። አልወቅሳቸውም። አንዱ መጠጊያ ያገኘው እዚያ ነው፣ አንዱ ዕድል ያገኘው እዚያ ነው፤ ሰው ያበላውን ቤት ማክበሩ ነውር አይደለም። ሲፋን በፓሪስ 2024 ማራቶኑን ስታሸንፍ እዚህም በደስታ የጮኸ አለ። የሮቤል መንገድ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። እነሱ እዚህ የተወለደውን ሩጫ ይዘው ወጡ። እሱ እዚያ የተማረውን ስኪ ይዞ ገባ። ለአገር ያልነበራትን ነገር ጨመረ ማለት ይህ ነው። በእኔ ዓይን ከአንድ ሜዳሊያ አያንስም።

ከእሱ በኋላ በአፍሪካ ነገሩ ሰፋ። ኤርትራ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ በካናዳ በተወለደው ሻነን አበዳ አማካይነት ገባች። በዚያው ኦሊምፒክ የናይጄሪያ ሴቶች በበረዶ ሠረገላ ተወዳደሩ። ናይጄሪያ ከርሊንግ የሚሉትንም ጀምራለች። ከርሊንግ 20 ኪሎ ያህል የሚመዝን ክብ የግራናይት ድንጋይ በረጋ በረዶ ላይ አንሸራትቶ ከክብ ምልክት ማድረስ ነው፤ ጓደኞቹ ከፊቱ እየሮጡ በረዶውን በመጥረጊያ ያሻሹለታል፣ ድንጋዩ እንዲርቅና እንዲቃና። በ2019 ስታቫንገር፣ ኖርዌይ ላይ ናይጄሪያ በጥንድ ዓለም ሻምፒዮና ቀረበች፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ። እነዚህንም አብዛኞቹን ያመጣቸው በውጭ ያለው ልጅ ነው። በረዶ ወደ አፍሪካ የሚገባው በአብዛኛው በስደተኛ በኩል ነው።

በ2014 ሶቺ ላይ የኢትዮጵያ ስም አልተጠራም። በ2018ም አልተጠራም። በ2022 ቤጂንግም አልተጠራም። ሮቤል የከፈተው በር ተዘግቶ ሳይሆን ከኋላው የሚገባ ስላልነበረ ነው። ገንዘብ ያልተመደበለት፣ ልጅ ያልተመለመለበት ነገር በአንድ ሰው ጉልበት ሁለት ኦሊምፒክ ሄዶ ቆመ። ይህ ያሳዝነኛል፤ የምደብቀው አይደለም። በየስደቱ አገር፣ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በካናዳ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ ሮቤል በልጅነታቸው መንሸራተቻ ላይ የቆሙ የእኛ ልጆች ሳይኖሩ አይቀሩም። የሚጠራቸው የለም እንጂ።

ሆጃው ፈላ፣ ስኒውን አቀባብሉ። እናንተ እናቶች፣ ማታ ስልክ የምትጠብቁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጁ ሲደውል ደኅንነቱን ጠይቁት፣ ስለ ገንዘቡም ጠይቁት። ከዚያ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት «እዚያ ምን ተማርክ ልጄ?» በሉት።